የጎጀብን ውሃ ተከትሎ እስከ ቱርካና

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክረምት ላይ 20 ቀን እረፍት አለህ። ከጅማ ተነስተህ በየብስ ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ሰሜን ኬንያንና ኡጋንዳን ፎቶ እያነሳህ መዞር ትፈልጋለህ። ካሜራህ አንድ ነው፣ ሌንሶችህ 24–70 እና 70–200። የዘረዘርካቸው ቦታዎች ግን 14 ናቸው! እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ እንዲሁ ዘርዝሬ ነበር። ግማሹን ያየሁት በመኪና መስኮት ነው።

ኡጋንዳን ሰርዛት። ሌላ ጊዜ ትደርስባታለህ። የቀሩትን ቦታዎች ደግሞ በአንድ ነገር እሰራቸው። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ ያሰርኳቸው በውሃ ነው። ከጅማ ወደ ጭዳ ስትወርድ የምታቋርጠው ጎጀብ ኦሞ ውስጥ ይገባል። ኦሞ ደግሞ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። ሐይቁ ከሚያገኘው ወራጅ ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኦሞ ነው። እኛ ደጅ የዘነበው ዝናብ በረሃ መሃል ሐይቅ ሆኖ ይጠብቅሃል ማለት ነው። ይህን ከያዝክ የቱን ማንሳት፣ የቱን ማለፍ እንዳለብህ አትቸገርም።

ወቅቱን ጥሩ መርጠሃል። ብዙ ሰው ክረምት ስለሆነ ተው ይልሃል፣ አትስማው። እኛን ዝናብ ሲደበድበን ቦረና ደረቅ ነው። አንዳንድ ቀን ሰማዩ ይደምናል፣ እሱም ለሰው ፊት ተስማሚ ነው። የሚያስቸግርህ ከጅማ እስከ ተርጫ ያለው ጭቃና ጉም ብቻ ነው። ያንን መንገድ በቀን ሂድ። አዲስ አበባ ዞረህ አትድከም፣ በጭዳና በተርጫ ወላይታ ሶዶ ትወጣለህ። ከዚያ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ። ከመነሳትህ በፊት ግን መናኸሪያ ገብተህ ስለ መንገዱ ሰላም ሾፌሮቹን ጠይቅ። በየከተማው እንደገና ጠይቅ።

ኮንሶ ሁለት ሌሊት እደር። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው እርከን በቀትር ብታነሳው ጠፍጣፋ ነው የሚሆንብህ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። እያንዳንዱ የድንጋይ ካብ ጥላ ይጥላል። እዚህ ሩቁን የሚያቀርበውን 70–200ውን ተጠቀም። የጂንካን መስመር ዝርዝርህ ላይ አይቻለሁ። እኔ ብሆን አልሄድም። እያንዳንዱ ፎቶ በብር የሚቆጠርበት ቦታ ላይ እኔም የማነሳውም ሰው ደስ አይለንም።

አሁን ወደ ቦረና። ለኔ የጉዞው ልብ ይህ ነው፣ አራት ቀን ስጠው። ዱብሉቅ አካባቢ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎቹ ከላይ እስከ ታች በሰንሰለት ቆመው ውሃውን እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጣሉ። ሥራው የሚደምቀው በደረቅ ወቅት ነው። ግን ካሜራህን አንጠልጥለህ ዘው እንዳትል። ጉድጓዱ ተራ አስከባሪ አለው፣ አባ ሄሬጋ ይባላል። መጀመሪያ እሱ ዘንድ ቁጭ በል። አፋን ኦሮሞ መቻልህ እዚህ ከየትኛውም ሌንስ ይበልጣል። ባዶ እጅህንም አትሂድ። ቦረናዎች ቡና ቀላ የሚሉት አለ፣ ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ያንጨረጭሩታል። ስለዚህ የተቆላ ቡና ሳይሆን ጀንፈል ያዝላቸው። ጅማ ሐሙስ ገበያ ሁለት ኪሎ ብትገዛ ይበቃሃል። እኔ ያንን ጀንፈል ሰጥቼ የመጀመሪያውን ቀን ካሜራዬን ከቦርሳ አላወጣሁም። በማግስቱ ራሳቸው ጠሩኝ።

ጉድጓዱ ውስጥ ታች ጨለማ ነው፣ ላይ ፀሐይ ነው። ካሜራው ግራ ይጋባል። በራው (RAW) ፎርማት አንሳ፣ ካሜራው ያየውን ብርሃን ሁሉ ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥበት ነው፣ ብርሃኑን ላይ ላለው ለክተህ። የጨለመውን ቤት ገብተህ በኮምፒውተር ታበራዋለህ፣ የተቃጠለውን ግን አትመልሰውም። ከዱብሉቅ አልፎ ኤል ሶድ አለ፣ ጨው ቤት ሲሉትም ትሰማለህ። ጥቁር ሐይቅ ያለበት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው። ቁልቁለቱን ማልደህ ውረድ። መውጫው ላይ ፀሐይ ካገኘችህ ትሪፖዱን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያውን) ጥለህ መምጣት ያምርሃል።

ሞያሌ ላይ ኢትዮጵያዊ ለኬንያ ቪዛ አይጠየቅም፣ ፓስፖርት ግን ግድ ነው። የቢጫ ወባ ካርድህንም ያዝ። የካሜራህን ደረሰኝ ይዘህ ስትወጣ ጉምሩክ አስመዝግበው። አለበለዚያ ስትመለስ “ከየት ገዛኸው?” የሚል ጣጣ አለ። ድሮን እንዳትሸከም፣ ሁለቱም አገር ፈቃድ ይፈልጋል። ኬላ፣ ድልድይና ግድብ ላይ ካሜራ አታውጣ። እኔ አንድ ኬላ ላይ ተራ የፍየል መንጋ አነሳሁ ብዬ የግማሽ ቀን ሥራዬን አስጠፍተውኛል። ከፍየሎቹ ጀርባ የነበረውን አላየሁትም ነበር። ከዚያ ወዲህ የካሜራዬን ሚሞሪ ካርድ ማታ ማታ ሌላ ቦታ እገለብጣለሁ።

ከሞያሌ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሙሉ አስፋልት። ማርሳቢት ከተራራዋ ጉምና ደን ጋር ጅማን ትመስልሃለች። እዚያም አፋን ኦሮሞህ ይሠራል፣ ቦረናውም ጋብራውም ይናገረዋል። ሰዓት ላይም አትደናገር። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነው፣ “ሳ ሞጃ” ማለት የኛ 1 ሰዓት ነው። የተጻፈ ሲሆን ግን 7 ይላል።

ወደ ቱርካና ሁለት መንገድ አለ። በቻልቢ በረሃ በካላቻ በኩል ከሄድክ ግመሎቹንና ነጩን ሜዳ ታገኛለህ፣ ግን ጠንካራ መኪና ይፈልጋል። በላይሳሚስ በኩል ለነፋስ ኃይል ማመንጫው ሲባል የተስተካከለ 208 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። እኔ በቻልቢ ገብቼ በላይሳሚስ ብትወጣ እላለሁ። ቻልቢ ላይ ሌንስ እንዳትቀይር! መኪና ውስጥ ነው ብዬ ቀየርኩ፣ አቧራ ገባበትና ከዚያ በኋላ ያነሳሁት ሰማይ ሁሉ ነጠብጣብ አለው።

ሐይቁ ዳር ያለችው ሎይያንጋላኒ ስትደርስ መጀመሪያ የሚቀበልህ ነፋሱ ነው። ያ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 365 ተርባይን በዚህ አካባቢ የተከለው ወደው አይደለም። ትሪፖዱ ላይ የድንጋይ ከረጢት አንጠልጥል። የኔ ካሜራ ተገልብጦ ፊልተሩ ተሰንጥቋል፣ ሌንሱ የተረፈው በዕድል ነው። ሦስት ቀን ቆይ። ውሃው እንደ ብርሃኑ ቀለሙን ይለዋውጣል፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ግራጫ። የኤል ሞሎ ዓሣ አጥማጆች መንደርም ቅርብ ነው። ኢትዮጵያዊ መሆንህን ሲያውቁ ኦሞ ላይ ስለተሠራው ግቤ 3 ግድብ ይጠይቁሃል። የሐይቁ ፓርኮች በ2018 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ የአደጋ ላይ ቅርሶች መዝገብ የገቡት በዚሁ ምክንያት ነው። አትከራከር፣ አዳምጥ። የኔ ምርጥ ፎቶ የመጣው ከእንዲህ ዓይነት ወሬ በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ድሮ ውሃው እስከ የት እንደነበር በከዘራው እያሳየኝ።

ትሪፖድ የለኝም ብለሃል መሰለኝ። የኔው አንድ እግሩ ትንሽ ይንገዳገዳል እንጂ ይሠራል። ፈረንጅ አራዳ ስትመጣ ደውልና ውሰደው። የድንጋይ ከረጢቱም አብሮ አለ።