ዋንዛው ለምን ፕላስቲክ መሰለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቤት ዕቃ ዲዛይን ብሌንደር በተባለው የ3ዲ (ባለ ሦስት አውታር) ምስል መሥሪያ ፕሮግራም እሠራለሁ። የዋንዛ ፎቶ አውርጄ ጠረጴዛ ላይ ባለብሰውም ደንበኞቼ «ፕላስቲክ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ደንበኞችዎ እውነታቸውን ነው። ፎቶ ያው የተለጠፈ ወረቀት ነው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጠጋ ብለው ይዩት፤ ከላይ የመጣው መስመር እዚያ ሲደርስ ወይ ይቋረጣል፣ ወይ ይለጠጣል። እውነተኛ ጣውላ ግን ከግንድ የተሰነጠቀ ነው፤ በፊቱ ላይ ረጅም መስመር የነበረው፣ ጫፉ ላይ የቀለበት ቅስት ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ ግንዱን ራሱን ይሥሩት። «ዌቭ ቴክስቸር» (የሞገድ ንድፍ አውጪው) ላይ «ሪንግስ»ን፣ ማለትም ቀለበቶችን፣ ይምረጡ፤ አቅጣጫው የጣውላው ቁመት፣ ኮኦርዲኔቱ (ንድፉ የሚለካበት መነሻ) ደግሞ «ኦብጀክት»፣ ማለትም ዕቃው ራሱ፣ ይሁን። (የዕቃውን ስኬል፣ ማለትም የመጠን ለውጡን፣ አስቀድመው «አፕላይ» በሚለው ትእዛዝ ካላጸኑት ሁሉም ይንጋደዳል።) ከዚያ ንድፉን በሚያንቀሳቅሰው «ማፒንግ» የቀለበቶቹን እምብርት ከጣውላው ውጭ ይግፉት፤ አናጺ የግንዱን እምብርት መሀል ገበታ ላይ አያወጣም።

ቀለበቱ ፍጹም ክብ ከሆነ የኮምፒውተር ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ፐርሊን በ1985 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው «ኖይዝ»፣ ማለትም ለስላሳ የዘፈቀደ ንድፍ፣ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ በጥቂቱ ያጣምመዋል። ሁለተኛ ኖይዝ በቁመቱ አቅጣጫ በጣም ለጥጠው ቢጨምሩ የጭረቱ ክር ይወጣል።

ፕላስቲክ የሚያስመስለው ዋናው ጥፋት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ቀለሙ ሳይሆን አንድ ወጥ የሆነው ማብረቅረቁ ነው። ያንኑ ክር የገጽታውን ሻካራነት ወደሚወስነው «ራፍነስ»ም ያገናኙት። ጣውላዎቹን ለየብቻ ከሠሩ ደግሞ የ«ኦብጀክት ኢንፎ»ን «ራንደም» (ለእያንዳንዱ ዕቃ የተለየ የዘፈቀደ ቁጥር) የንድፉ ቦታ ላይ ይደምሩ፤ አለዚያ ሁሉም መንታ ይሆናሉ።