ሜልኮርካ ለምን ዝም አለች?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ከጓደኛዬ ተውሼ ያነበብኩት ልቦለድ፣ አንድ የቫይኪንግ (የጥንት ሰሜን አውሮፓ ባሕረኛ) ዘራፊ ከአየርላንድ ጠረፍ ከማረካት ልጃገረድ ጋር እንዴት እንደተፋቀረና በመጨረሻ እንደተጋቡ ይተርካል። ታናሽ እኅቴ እያለቀሰች ጨረሰችው፤ እኔ ግን ፍቅሩ አልዋጥልህ አለኝ። በዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ይሆን ነበር?
አንባቢ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ልቦለዱ የዘነጋው ገበያውን ነው። ዘራፊው የማረካትን ሴት ቤቱ ከማኖር ይልቅ ለነጋዴ መሸጥ ያዋጣው ነበር፤ ቫይኪንጎች እ.ኤ.አ. በ841 የሰፈሩባት የአየርላንዷ ደብሊንም ውላ አድራ ታላቅ የባሪያ ገበያ ሆናለች።

ለጥያቄዎ የሚቀርበው ታሪክ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አይስላንድ ውስጥ በተጻፈ አንድ ጥንታዊ ትረካ ይገኛል። ሆስኩልድ የተባለ የአይስላንድ ባላባት ወደ ነጋዴ ድንኳን ገብቶ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ከተደረደሩት 12 ሴቶች መካከል ዳር ላይ የተቀመጠችውን፣ ልብሷ የነተበውን መረጠ። ነጋዴው መናገር እንደማትችል ቢያስጠነቅቀውም፣ የሦስት ገረዶች ዋጋ በሆነ 3 ማርክ ብር ገዛት። አንድ ማርክ 214 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ የሐረር ብር ሠሪ ሦስቱን ማርክ በሚዛኑ ቢያኖር የ23 ጠገራ ብር ያህል ይሆንለታል፤ በአንዲት ትንሽ ከረጢት የሚያዝ ነው።

ሴቲቱ ወንድ ልጅ ከወለደችለት በኋላም ቃል አልተነፈሰችም። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ ሆስኩልድ አንድ ማለዳ የሰው ድምፅ ሰምቶ ወደ ጅረቱ ቢወርድ እናትና ልጅ ሲጨዋወቱ አገኛቸው። ስሟ ሜልኮርካ እንደሆነ፣ የአየርላንድ ንጉሥ ልጅ እንደነበረችና በ15 ዓመቷ እንደተማረከች የነገረችው ያን ጊዜ ነው። አካሏ ተሽጦ የቀራት ንብረት አንደበቷ ብቻ ነበርና እሱን ለገዛት ሰው ነፍጋ ለልጇ ሰጠችው።

እንዲህ ያሉ ልቦለዶች ብዙ ጊዜ የሚረሷት ሕጋዊ ሚስትም አለች። ሆስኩልድ ሚስት ነበረችው፤ እሷም አንድ ቀን ሜልኮርካን በካልሲ ጭንቅላቷን ብትመታት፣ ሜልኮርካ በቡጢ አፍንጫዋን አደማቻት፤ ከዚያ ወዲያ ለየብቻ ኖሩ።

ትረካው ከዘመኑ 300 ዓመት ያህል ዘግይቶ ስለተጻፈ ቃል በቃል አይታመንም። ሆኖም የዘር ምርመራ እንዳሳየው፣ አብዛኞቹ የአይስላንድ ቀደምት እናቶች ከአየርላንድና ከስኮትላንድ፣ አብዛኞቹ አባቶች ደግሞ ከስካንዲኔቪያ የመጡ ናቸው፤ ስንቶቹ ሴቶች በፈቃዳቸው እንደሄዱ ግን ደም አይናገርም።

ስለ ጋብቻው ደግሞ፣ ሜልኮርካ በእርግጥ አግብታለች፤ ያገባችው ግን ቶርቢዮርን የተባለ ሌላ ሰው ነው። የተስማማችውም ልጇ አያቱን ፍለጋ ወደ አየርላንድ የሚሄድበትን ገንዘብ እንዲያወጣላት ሲሆን፣ ሠርጉ የተደገሰው ሆስኩልድ ወደ ሸንጎ በሄደበት ሰሞን ነበር።