ሲሙሌተሩን ዝጉና ተራመዱ፦ ማማ የሌለውን ኔትወርክ ለሚማሩ ወጣቶች

ብዙዎቻችሁ ስታገኙኝ የምትነግሩኝ ነገር አንድ ነው። «ሲሙሌተሩ ላይ ግሩም ይሠራል፤ መሣሪያው ላይ ስንጭነው ግን እምቢ አለን።» (ሲሙሌተር ማለት ኔትወርኩን ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው።) ከዚያ ኮዱን ልታሳዩኝ ትቸኩላላችሁ። እኔ ግን ኮዱን ከማየቴ በፊት እጠይቃችኋለሁ፦ መሣሪያዎቹን ይዛችሁ ስንት ቀን ተራመዳችሁ? ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። ያ ዝምታ በእናንተ ዕድሜ የእኔም ነበር። ይህን የምጽፍላችሁም ለዚያ ነው።

ከመነሻው ልጀምር። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ በአብዛኛው ከጎኑ ካለው ስልክ ጋር በቀጥታ አያወራም። ሁለታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ ብትደዋወሉ እንኳ ድምፃችሁ ወደ ማማው ሄዶ፣ ዞሮ ነው የሚመለሰው። ማማው ከወደቀ ወይም መብራት ከጠፋበት ሁለታችሁም ጸጥ ትላላችሁ። ሞባይል አድሆክ ኔትወርክ፣ በባለሙያው አፍ ማኔት፣ ማማውን ከመሃል ያወጣዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን መልእክት ይልካል፤ የሌላውንም ያቀብላል። እኔ እናንተ ጋ በቀጥታ ካልደረስኩ፣ መሃል ያለው ሰው ስልክ ከእኔ ተቀብሎ ለእናንተ ይሰጣል። አለቃ የለውም። ቋሚ ካርታም የለውም፤ ሰዎቹ ሲንቀሳቀሱ ካርታው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ሐሳቡ የትናንት እንዳይመስላችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።) የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ በ1970ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የፓኬት ሬዲዮ ኔትወርክ ዘርግቶ ነበር። ፓኬት ማለት መረጃ ተቆራርጦ ሲላክ አንዱ ቁራጭ ነው። በኖቬምበር 22 ቀን 1977 ሬዲዮ የተጫነበት አንድ ቫን የላከው መረጃ በዚያ ኔትወርክ፣ በአርፓኔት (የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው ኔትወርክ) እና በሳተላይት አልፎ አውሮፓ ደረሰና ተመልሶ አሜሪካ ገባ። ዛሬ ኢንተርኔት የምንለው ነገር ሲሞከር ከሦስቱ እግሮቹ አንዱ ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ ነበር ማለት ነው። ሰው ይህን መስክ የኢንተርኔት የእንጀራ ልጅ ሲያደርገው ስሰማ ደስ አይለኝም።

አሁን ወደ ሥራው። መንገዱን ማን ያውቃል? ጣጣው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ጥያቄ ነው። በገመድ በተያያዘ ኔትወርክ ራውተሮቹ፣ ማለትም መረጃውን በየመንገዱ የሚመሩት መሣሪያዎች፣ ባሉበት ይቆማሉ። እዚህ ግን ካርታውን ሠርታችሁ ሳትጨርሱ ያረጃል።

አንዱ መፍትሔ አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። ኦኤልኤስአር የሚባለው ፕሮቶኮል (መሣሪያዎቹ የሚግባቡበት ደንብ) እንዲህ ያደርጋል። መልእክት ኖረም አልኖረም ጎረቤቶች፣ ማለትም በቀጥታ የሚደማመጡ መሣሪያዎች፣ በየ2 ሰከንዱ «አለሁ» ይባባላሉ፤ የካርታ መረጃም በየ5 ሰከንዱ ይሰራጫል። ስርጭቱ እንዳይበዛ እያንዳንዱ ኖድ (በኔትወርኩ ውስጥ ያለ መሣሪያ) ከጎረቤቶቹ ጥቂቱን ብቻ አስተላላፊ አድርጎ ይመርጣል። መንገዱ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ባትሪው ግን ማንም ምንም ሳይልክ ያልቃል።

ሌላው ሲያስፈልግ ብቻ መጠየቅ ነው። በ2003 በይፋ ሰነድ የወጣውን ኤኦዲቪን ውሰዱ። መልእክት ልልክላችሁ ፈልጌ መንገዱን ካላወቅኩ ጎረቤቶቼን «እገሌን የሚያውቅ አለ?» እላለሁ። የማያውቁ ከሆነ እነሱም ጎረቤቶቻቸውን ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ ጥያቄውን ሲያስተላልፍ ከማን እንደመጣለት ይመዘግባል። ጥያቄው እናንተ ጋ ሲደርስ መልሱ ያንን ምዝገባ እየተከተለ ወደ እኔ ይመለሳል። በቃ፣ መንገድ ተገኘ። መረጃው አሮጌ ይሁን አዲስ የሚለየው ደግሞ በተከታታይ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ መረጃው አዲስ ነው። ፓኬት ክብ እየዞረ እንዳይቀር የምትጠብቀው ይህች ቁጥር ናት። በዚህ መስክ ካሉ ሐሳቦች ሁሉ እሷን እወዳታለሁ። መዘዝም አላት፤ እመለስባታለሁ።

መንገዱ ሲቋረጥስ? በኤኦዲቪ ነባር ቅንብር «አለሁ» የሚለው መልእክት በየሰከንዱ ይላካል። ሁለት ከቀሩ ጎረቤቴ ሄዷል ብዬ እደመድማለሁ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእነዚያ 2 ሰከንዶች 40 ሜትር ይጓዛል። ከአንድ ሕንፃ ጀርባ ለመሰወር ከበቂ በላይ ነው። እስክደመድም ድረስ የላክሁት ሁሉ ሜዳ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። «ታዲያ በየመቶ ሚሊሰከንዱ አለሁ እንበል» ትሉኝ ይሆናል። ያኔ ደግሞ አየሩን የምትሞሉት በሰላምታ ይሆናል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር እንዲህ ያለ ፕሮቶኮል ጥቂት ላፕቶፖች ላይ ጫንን። ሲሙሌተሩ ላይ እንከን አልነበረውም። ደጅ ወጥተን ስንሞክረው ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመን። በጎረቤት ዝርዝሩ ሁለቱ ማሽኖች ይተያያሉ፤ «አለሁ» የሚለው መልእክት በየሰከንዱ ይደርሳል። ፋይል ስንልክ ግን ጭራሽ አያልፍም። ለሳምንታት ኮዱን በረበርን። ከላይ እስከ ታች ደጋግመን አነበብነው። ኮዱ ልክ ነበር።

ስህተቱ ያለው አየሩ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜው ዋይፋይ ላይ «አለሁ» የሚለው መልእክት ለሁሉም የሚነገር ብሮድካስት ስለሆነ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በሰከንድ በ1 ወይም በ2 ሜጋቢት ይላካል። ፋይሉ ግን በ11 ሜጋቢት ነው የሚላከው። ዝቅተኛው ፍጥነት ርቆ ይደርሳል። መልእክቱም አጭር ስለሆነ ሳይበላሽ የማለፍ ዕድሉ ከረጅሙ ፓኬት ይበልጣል። ስለዚህ ሰላምታ የሚያልፍበት፣ ጭነት ግን የማያልፍበት ርቀት አለ። ተመራማሪዎች በ2002 ግራጫ ዞን ብለውታል። ማዶ ጋራ ላይ ያለ ሰው ሲጣራ ድምፁን ትሰማላችሁ፤ ረጅም ጉዳይ ላውጋችሁ ቢል ግን ቃሉ አይለይም። እኛም ድምፁን ሰምተን ወግ ያዝን ብለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በኔትወርክ ሥዕል ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል የተሰመረ መስመር ሳይ ዝም ብዬ አላምንም። መስመር ወይ አለ ወይ የለም ይላል። አየር እንዲህ አይደለም። አሁን ከአሥር ፓኬት ዘጠኙን ያሳልፋል፤ በመሃል ሰው ሲያልፍ ሦስቱን ብቻ። ከእኔ ወደ እናንተ እያለፈ ከእናንተ ወደ እኔ ላያልፍም ይችላል። አቋራጩ መንገድም ያሳስታል። ዝላዮቹ፣ ማለትም ከአንዱ መሣሪያ ወደ ቀጣዩ የሚደረጉት ቅብብሎች፣ ጥቂት ሆኑ ማለት እያንዳንዱ ዝላይ ረጅም ነው ማለት ነው፤ ረጅም ዝላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው። በ2003 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ኢቲኤክስ የሚባል መለኪያ ያወጡት ለዚህ ነው። ዝላይ አይቆጥርም። ፓኬቱ እስኪደርስ ስንት ጊዜ መላክ እንደሚያስፈልግ ነው የሚገምተው። ይህን መለኪያ ያወጡት ሰዎች አየሩን ወጥተው ለክተውታል፤ ያስታውቃል።

አየሩ የጋራ መሆኑም ሌላ ፈተና ነው። ሦስት ሰው ተሰልፎ ቆመ በሉ። ዳርና ዳር ያሉት አንዱ ሌላውን አይሰማም፤ መሃለኛው ግን ሁለቱንም ይሰማል። ሁለቱም አየሩ ነፃ ነው ብለው እኩል ሲናገሩ መሃለኛው ጆሮ ላይ ይጋጫሉ። ስውር ተርሚናል ይባላል፤ ቶባጊና ክላይንሮክ በ1975 ጽፈውበታል። «ልናገር?» «ተናገር» ተባብሎ መጀመር ያግዛል፣ ዋይፋይም ይህን ዘዴ ይዞታል። ግን መጠያየቁ ራሱ አየር ይወስዳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት ይህንኑ አምኜ ነው፤ ሰው በበዛ ቁጥር ኔትወርኩ ይበረታል ብዬ። ሒሳቡ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። በ2000 ጉፕታና ኩማር እንዳሳዩት፣ ቆመው በዘፈቀደ የተበተኑ ኖዶች በዘፈቀደ ሲነጋገሩ ብዛታቸው በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። ከ100 ወደ 10,000 ስታሳድጓቸው የእያንዳንዱ ድርሻ ከ10 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። መንገዱ ሲረዝም አብዛኛው ጊዜያችሁ የሚያልቀው የሌላውን ጭነት በማቀበል ነው፤ እናንተ ስታቀብሉ ደግሞ በዙሪያችሁ ያለው ዝም ማለት አለበት። በአንድ ረጅም ሰንሰለት ላይ እንኳ በጥሩው ሁኔታ የምታገኙት የሬዲዮውን አቅም ሩብ ነው። በ2001 በወጣ ጥናት፣ ተራው ዋይፋይ በሲሙሌሽን ሲታይ ወደ አንድ ሰባተኛ ወርዷል። ስለዚህ «በሺህ የሚቆጠር ስልክ ይያያዛል» የሚል ዕቅድ ይዛችሁ ስትመጡ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ማን ከማን ጋር ነው የሚያወራው? ሰዎቹ በአብዛኛው ከቅርባቸው ጋር የሚነጋገሩ ከሆነ ተስፋ አለው።

ደስ የሚለኝ ቀጣዩ ነው። ከጉፕታና ከኩማር ጥቂት ቆይቶ ግሮስግላውዘርና ሴ የተባሉ ተመራማሪዎች መንቀሳቀስ ራሱ አቅም እንደሚሆን አሳዩ። መዘግየትን ከታገሳችሁ መልእክቱን ለሚሄድ ሰው ትሰጡታላችሁ፤ እሱም ተቀባዩ አጠገብ ሲደርስ ያደርሳል። ጠላት ያልነው እንቅስቃሴ ፖስተኛ ሆነ ማለት ነው። በ2004 ኬንያ ውስጥ ምፓላ በተባለ ቦታ ይህ በሜዳ አህዮች ላይ ተሞክሯል። አንገታቸው ላይ የታሰረው መሣሪያ ያሉበትን ቦታ ይመዘግባል፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ መረጃ ይለዋወጣሉ፤ ተመራማሪው በመኪና ሲደርስ የብዙዎቹን መረጃ ከጥቂቶቹ ይሰበስባል። እዚያ ማማ የለም። እንስሶቹ ተበታትነው ስለሚውሉ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ መንገድ የሚገኝበት ጊዜም ትንሽ ነው። መረጃው ግን ይደርሳል።

መረጃ ሳይጎድል መድረሱን ስለሚከታተለው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል፣ ስለ ቲሲፒ፣ አላራዝምም። ፓኬት ሲጠፋ መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እዚህ ግን ፓኬቱ የጠፋው ጎረቤት ስለሄደ ሊሆን ይችላል። መረጃችሁ ሲጎተት መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ቃል የገባሁላችሁ ተከታታይ ቁጥር ጋ ልመለስ። ትልቅ ቁጥር የያዘ ይታመናል ብለናል። ታዲያ አንድ ተንኮለኛ ኖድ ለመጣው ጥያቄ ሁሉ «መንገዱን እኔ አውቃለሁ» ብሎ የተጋነነ ቁጥር ቢያቀርብስ? ሁሉም ፓኬቱን ለእሱ ይሰጣል፤ እሱ ተቀብሎ ይጥለዋል። ጥቁር ጉድጓድ ይሉታል። ተንኮል የሌለበት ነገር ግን ባትሪው የሚያሳሳው ሰውም አለ፤ የራሱን ይልካል፣ የሌላውን አያቀብልም። በ2000 የቀረበ አንድ ዘዴ፣ ጎረቤትህ የሰጠኸውን ማቀበሉን ጆሮህን ጥለህ ስማ ይላል። ቆንጆ ነው፤ ግን በመሃል ግጭት ከተፈጠረ ንጹሑን ሰው ትወቅሳላችሁ። ምስጠራስ ብትሉ፣ ቁልፉን የሚያድል ማዕከል የለም። ማዕከሉን ያስወገድነው እኛው ነን።

ይህ የወረቀት ጭንቀት ብቻ አይደለም። በ2019 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሰልፈኞች ብሪጅፋይ የተባለውን፣ ስልክን ከስልክ በብሉቱዝ የሚያያይዝ መተግበሪያ ተጠቅመዋል። በ2020 ተመራማሪዎች ሲመረምሩት የተጠቃሚዎችን ማንነት መለየትና መልእክታቸውን ማንበብ እንደሚቻል አሳዩ። ማማ የሌለው ኔትወርክ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው ነው። አደጋ የደረሰበት ነው፣ ወይም ግንኙነት የተቋረጠበት። ለእሱ የምትሠሩትን ነገር «ደኅንነቱን በኋላ እንጨምራለን» ብላችሁ አትስጡት። እባካችሁ።

ሲሙሌተርን ጣሉት አላልኩም። መቶ መሣሪያ መግዛት አትችሉም፤ ሲሙሌተሩ ያንን ያሳያችኋል። ግን ውስጡ ምን ብሎ እንደገመተ እወቁ። ለዓመታት ሁሉም የሚጠቀምበት የእንቅስቃሴ ሞዴል ኖዱን በዘፈቀደ ቦታና ፍጥነት እያስመረጠ ያስኬዳል። በ2003 ተመራማሪዎች ሲያዩት ዝቅተኛው ፍጥነት ዜሮ ሆኖ ሲተው ቀርፋፋዎቹ መንገድ ላይ ብዙ ስለሚቆዩ የሁሉም አማካይ ፍጥነት እየወረደ ይሄዳል። «እየቆየ ተሻሻለ» የተባለ ፕሮቶኮል ያልተሻሻለ ሊሆን ይችላል፤ ኖዶቹ ቀርፈፍ ብለው ነው። በ2005 ደግሞ በመስኩ ታዋቂ በሆነ አንድ ጉባኤ የቀረቡ የሲሙሌሽን ጽሑፎች ሲመረመሩ፣ ሌላ ሰው ሊደግማቸው የሚችለው ከ15 በመቶ በታች ሆኑ። ሲሙሌተሩ የዘፈቀደ ቁጥሮችን የሚያመነጭበትን መነሻ ቁጥር፣ የሬዲዮ ሞዴሉን፣ የሲሙሌተሩን ስሪት ጻፉ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ።

ለመጀመሪያ ሙከራ ሦስት መሣሪያ ይበቃችኋል። አንዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ሁለተኛውን በር ላይ፣ ሦስተኛውን ይዛችሁ ውጡ። ወደ ጠረጴዛው በተከታታይ ፒንግ (መልስ የሚጠይቅ አጭር መልእክት) እየላካችሁ ቀስ ብላችሁ ራቁ። ቀጥታው ግንኙነት የጠፋበትን እርምጃ ጻፉ። በበሩ በኩል እስኪመለስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀም ጻፉ። ከዚያ ዞራችሁ በዚያው መንገድ ተመለሱ። ቀጥታው ግንኙነት የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በጠፋበት እርምጃ ላይ አይደለም። ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ጻፉልኝ።