ባትሪ ከመግዛትሽ በፊት፦ ትንሿ ላፕቶፕ እና የድሬ ሙቀት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ላፕቶፕሽ 11 ኢንች ናት። 4 ጂቢ ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚይዙት ጊዜያዊ ቦታ)፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10 አላት። ተከፍታ ለሥራ እስክትደርስ ሰባት ደቂቃ ትፈጃለች። የተማሪዎችሽን ፈተና ስትጽፊ ስታክ ታደርጋለች። ቻርጀሩን ስትነቅዪ አርባ ደቂቃ ቆይታ ትጠፋለች። «አዲስ ባትሪ ልግዛ ወይስ ሸጬ ልገላገል?» ነው ያልሽው። እንደ ድሬ ልማዳችን አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ።

አትሽጫት። ባትሪም ዛሬ አትግዢ። እኛ ከተማ ላፕቶፕን የሚያንቀራፍፈውም ባትሪዋን የሚገድለውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ሙቀት። ሙቀቱን ሳትቀንሺ አዲስ ባትሪ ብታስገቢ እሱም የአሮጌውን መንገድ ይከተላል። ይህን ያወቅኩት ገንዘቤን ከስሬ ነው።

መጋላ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሱቅ ሂሳብ እይዛለሁ። ላፕቶፔ እንዳንቺው ትንሽ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት አገልግላኛለች። የሱቁ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ግንቦት ላይ ከቀትር በኋላ ውስጡ ምን እንደሚመስል ለሳቢያን ሰፈር ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ያኔ ቻርጀሩን ጠዋት ሰክቼ ማታ ነበር የምነቅለው። ቤት ስገባ ደግሞ ፍራሽ ላይ አስቀምጬ እሠራባታለሁ። በሦስተኛው ዓመት ባትሪው ግማሽ ሰዓት መያዝ አቃተው። አንድ ሱቅ ገብቼ አዲስ ነው የተባለ ባትሪ ገዛሁ። በአራተኛው ወር ጣት የምናንሸራትትበት ሰሌዳ ከቦታው ተነሳ። ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። የላፕቶፕሽ ሆድ ወይም ኪቦርዱ ከተወጠረ ወዲያው አጥፊያት፤ ቻርጅም አታድርጊያት። ያበጠውን አትጫኚው፣ አትብሺው፣ ፀሐይ ላይም አትተዪው። ሊቲየም ባትሪ ከተቀደደ እሳት ሊፈጥር ይችላል። ባትሪ ማውጣት የሚያውቅ ሰው ያውጣው።

ዓይኔን የገለጠልኝ ሐረር ነው። ለሥራ ሁለት ሳምንት ወጣሁ። ላፕቶፗ ያቺው፣ ፋይሉም ያው ነው። ግን ፋኗ ዝም አለች። ድሬ ላይ ሲያናድደኝ የነበረው የኤክሴል ፋይል ቶሎ ይከፈታል። ስመለስ የደንገጎን ቁልቁለት ወርደን ከተማ ገባን፤ በማግስቱ ያ ጩኸት ተመለሰ። ድሬ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ልዩነቱ የአየሩ ነበር። ፕሮሰሰር፣ የላፕቶፗ አንጎል ማለት ነው፣ ከልኩ በላይ ሲግል ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያ ነው «ላፕቶፔ አረጀች» የሚያስብለን። ፋኗ ሌት ተቀን ስትዞር ደግሞ ባትሪ ትበላለች።

እንግዲህ ከዚህ ጀምሪ። መጀመሪያ ላፕቶፕሽ ፋን እንዳላት እይ። ጎኗ ወይም ሆዷ ላይ የአየር መውጫ ቀዳዳ ካለ እና ስትሠራ ንፋስ ከተሰማሽ ፋን አላት። ብዙ ትንንሽ ላፕቶፖች ግን ፋን የላቸውም። ሙቀቱን በብረት ዝርግ ነው የሚያስወጡት። እንዲህ ዓይነቷ ከሆነች የሚጸዳ ፋን የለሽም። ጠንካራና ጠፍጣፋ ገጽ ባለው ነገር ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው መፍትሔው። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ጭን፣ ሁሉም አይሆንም። እኔ ከኋላ በኩል ሁለት የጠርሙስ ክዳን አስገብቼ ከፍ አደርጋታለሁ። ከሥሯ አየር ያልፋል። ምንም ወጪ የለውም።

ፋን ካላት ትከፈት። የእኔን ስንከፍታት አየር መውጫው በአቧራ ተደፍኖ እንደ ጥጥ ሆኖ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ንፋሱ የሚያነሳውን አሸዋ ታውቂዋለሽ። እሱ ነው የተጠራቀመው። ስትከፍቺ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ አጥፊያት፣ ባትሪውንም ከቦርዱ አላቂ። ካቻቢቴው ከብሎኑ ጋር በደንብ ይግጠም። አለበለዚያ የብሎኑ ራስ ይበላል፤ በኋላ መከራ ነው። አቧራውን በደረቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ አንሺ። ንፋስ ስትነፊ የፋኑን ክንፍ በጣትሽ ያዢው። ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉ አሉ፤ አቦ ይህን እንዳታደርጊ። ግፊቱ ከባድ ነው፣ ውሃም ይረጫል። በዚያው ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ፔስት የሚባለው፣ ከደረቀ ይቀየር። ከሩዝ ፍሬ ያልበለጠ ይበቃል። እጅሽ ካልደፈረ ለባለሙያ ስጪ፤ ሲከፍት ግን አጠገቡ ቁሚ።

ሁለተኛው ዲስኩ ነው። የሰባት ደቂቃሽ ዋና ጥፋተኛ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኚ። የሚመጣው ሰሌዳ ላይ «ዲስክ» የሚለው ምንም ሳትሠሪ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ነገሩ አለቀ። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ለዛሬ ዊንዶውስ አይችልም። ራምሽ 4 ጂቢ ስለሆነ ኮምፒውተሯ ቦታ ሲጠባት የተረፈውን ወደ ዲስክ ትገለብጣለች። ያ ዲስክ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ስታክ ማድረጉ ከዚህ ይመጣል።

መድኃኒቱ ኤስኤስዲ ነው፤ በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ፣ የማይሽከረከር ፈጣን ማስቀመጫ። ከሁሉም በላይ ገንዘብሽን እዚህ ላይ አውጪ። የእኔ ለመክፈት አምስት ደቂቃ ይፈጅባት ነበር። ኤስኤስዲ ከገባላት ጀምሮ ቡናዬን ሳልቀምስ ትከፈታለች። ለፈተና ወረቀትና ለፓወር ፖይንት 240 ጂቢ ይበቃሻል። ስትገዢ «2.5 ኢንች ሳታ» የሚባለውን ዓይነት በዪ። ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ይሁን፤ ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ከዚያ የወፈረ አይገባም። ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያም ግዢ ከሌላ ቦታ፣ ሻጩ ፊት ተሰክቶ መጠኑን እይው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናውን ይነግርሻል። አዲስ የተባለው ሦስት ሺህ ሰዓት ሠርቶ ከተገኘ መልሺለት።

ከመቀየርሽ በፊት ፋይሎችሽን ሁለት ቦታ ገልብጪ። አንዱ ፍላሽ፣ ሌላው የጓደኛሽ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። የዓመታት የፈተና ጥያቄ ጠፍቶባት ያለቀሰች መምህርት አውቃለሁ። አሮጌውንም ሃርድ ዲስክ አትጣዪው። በርካሽ የዲስክ መያዣ ውስጥ አስገብተሽው እንደ ውጫዊ ማስቀመጫ ያገለግልሻል።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ፤ 32 ወይም 64 ጂቢ የሚል ላፕቶፕ ከሆነ ማስቀመጫው ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እሱ አይቀየርም። የእህታችን 500 ስለሆነ ችግር የለም።

ራም ላይ ብዙ አልልም። ከተቻለ ወደ 8 ጂቢ አሳድጊ። ግን የአንዳንዶቹ ራም የተበየደ ነው፣ የአንዳንዶቹም ፕሮሰሰር ከ4 በላይ አይቀበልም። ስለዚህ ሞዴሏን ሳታጣሪ አትግዢ። ቦታው ካለ አሮጌውን ራም አስወጥተሽ ጽሑፉን አንብቢ። ዲዲአር3ኤል የሚባለው ዓይነት ከሆነ በ1.35 ቮልት ነው የሚሠራው። ተራው ዲዲአር3 1.5 ቮልት ይፈልጋል፤ ብዙ ትንንሽ ላፕቶፕ ላይ አይነሳም።

አሁን ዊንዶውስ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ማስቀመጫ እና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩም በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት። ያንቺ ዕድሜ ላይ ያለች ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ አታሟላም። «በግድ እጭንልሻለሁ» የሚልሽ አይጠፋም። ለእኔም አንዱ ጭኖልኝ ነበር። ከዊንዶውሱ ጋር «ማፍጠኛ» ነው ያለውን ሁለት ፕሮግራም አስገባልኝ፤ ይባስ ቀርፋፋ ሆነች። አጥፍቼ ከባዶ ጀመርኩ። ማፍጠኛ የሚባል ነገር አትጫኚ።

እኔ በዊንዶውስ ፈንታ የመረጥኩት ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሥርዓት ነው፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን። 2 ጂቢ ራም ላይ ይነሳል፣ 4 ላይ ደህና ይሄዳል። ነፃ ነው። ሳትጭኚው በፍላሽ አስነስተሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ፤ ዊንዶውስሽ አይነካም። ለአንቺ ግን እንደ መምህርት ልንገርሽ። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ እዚያ ላይ አይሠራም። ኪይማን ግን ይሠራል፤ በእሱ አማርኛ ትጽፊያለሽ። በወርድ የሠራሽውን ፈተና ሊብሬኦፊስ የሚባለው ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፍተዋል። ሆኖም የዊንዶውሱ የአማርኛ ፎንት ኒያላ ስለማይኖር መስመሩ ይዛባል፣ ገጹ ይጨምራል። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ካለሽ ደግሞ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ትምህርት ቤታችሁ ሁሉም በወርድ የሚለዋወጥ ከሆነ ኤስኤስዲውን አስገብተሽ ለጊዜው ዊንዶውስ 10 ላይ ቆዪ። ከማይታወቅ ፍላሽና ያለ ፈቃድ ክራክ ከተደረገ ፕሮግራም ግን ራቂ።

ዊንዶውስ ላይ ከቆየሽ ቅድም ባልኩሽ ሰሌዳ ላይ «ስታርትአፕ» የሚለውን ክፈቺ። ስትነሳ አብረው የሚነሱትን አጥፊ። ቴሌግራም፣ የፕሪንተሩ ጓዝ፣ ሁሉም ከጠዋት ጀምሮ ራምሽን ይዘው ነው የሚውሉት። ክሮም ላይ ሃያ ገጽ ከፍተሽ ፈተና አትጻፊ።

ባትሪውን ለመጨረሻ ያቆየሁት አውቄ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ለኪው። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት፣ ሲኤምዲ የሚባለውን፣ ክፈቺና በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ» ብለሽ ሳትለያዪ ጻፊ። ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ «ባትሪሪፖርት»። ኢንተር ስትዪ ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው ይነግርሻል። ውስጡ ሁለት ቁጥር ፈልጊ። አንዱ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም ነው። ሌላው ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው ነው። የእኔ መጀመሪያ 30,000 ሚሊዋት ሰዓት ነበር፤ ስለካው 15,000 ላይ ደርሷል። ግማሹ ሄዷል ማለት ነው። ግን አቧራውን ካጸዳሁ፣ ኤስኤስዲ ካስገባሁና የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ ካወረድኩ በኋላ ያው ባትሪ ከሃምሳ ደቂቃ ወደ ሰዓት ተኩል ገደማ ሄደልኝ። ያልተጠቀምኩትን ብሉቱዝም አጠፋሁ። አዲስ ባትሪ ሳልገዛ አንድ ዓመት ተጨማሪ ሠራሁ።

ያንቺ ከሲሶ በታች ከወረደ ያኔ ግዢ። ከመግዛትሽ በፊት የአሮጌውን ቁጥርና ቮልት ፎቶ አንሺ። አዲሱን ስታስገቢ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሪፖርቱን አውጪ። ሞልቶ የሚይዘው ከመጀመሪያው አቅም ብዙ ካነሰ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ነው።

ሊቲየም ባትሪ በሁለት ነገር ይጎዳል፤ በሙቀትና ሞልቶ በመቆየት። ሁለቱ ሲገናኙ ይብሳል። በብዛት የሚጠቀስ መለኪያ አለ። ሙሉ ቻርጅ ሆኖ በ25 ዲግሪ አንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ 80 በመቶ ያህል አቅሙ ይቀረዋል። በ40 ዲግሪ ከሆነ 65 ገደማ። ተሰክታ የምትሠራ ላፕቶፕ ሆድ በድሬ ቀትር 40 ዲግሪን በቀላሉ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ቻርጅ የማደርገው ንጋት ላይ ወይም ማታ ነው። 80 ሲደርስ እነቅላለሁ። አንዳንድ ላፕቶፕ ይህን ራሱ እንዲያደርግ የሚያዝ ቅንብር አለው፤ የላፕቶፕሽ አምራች በሰጠው ፕሮግራም ወይም ባዮስ በሚባለው፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ በሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ ፈልጊው። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እኛም እናርፋለን፤ እሷም ትረፍ። ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ መስኮት ሥር አትተዪያት።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቻርጀሩን ንቀዪ። ሲመጣ አሥር ደቂቃ ጠብቂ። መጀመሪያ ሲመጣ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሁለት ቻርጀር ያቃጠልኩት በዚያ ነው።

ከሆዷ ያለውን ሞዴል ቁጥር እዚህ ጻፊልኝ። ፋን ይኑራት አይኑራት፣ ራሟ ይቀየር አይቀየር አይቼ እነግርሻለሁ። የባትሪ ሪፖርቱንም ሁለት ቁጥር አብረሽ ላኪ።