የአባቴን ፊኛ በሽንት ምርመራ ብቻ መከታተል አይቻልም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ዓመት ሽንታቸው ደም ሲቀላቅል አዲስ አበባ ወስጄያቸው የፊኛ ካንሰር ተገኘባቸው። ዕጢው በሽንት ቧንቧ በኩል ተፍቆ ወጣ። ቀጥሎ ቢሲጂ የሚባል መድኃኒት ፊኛቸው ውስጥ ተሰጣቸው። አሁን በየ3 ወሩ በሽንት ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ፊኛቸው ይታያል። ቀጠሮው ሲቃረብ እንቅልፍ ያጣሉ። በሽንት ምርመራ ብቻ ቢታዩስ? (ሴት ልጃቸው፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ የአባትሽ ጭንቀት ይገባኛል። ግን የሽንት ምርመራው ካሜራውን ያግዛል እንጂ አይተካውም። ቢሲጂ የሚሰጠው ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ላለ ሰው ነው። ስለዚህ ለእሳቸው ካሜራው ጭራሽ የሚቀር አይደለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፊኛ የውስጥ ግድግዳ ሴሎች እየረገፉ ከሽንት ጋር ይወጣሉ። ሳይቶሎጂ በሚባለው ምርመራ የፓቶሎጂ ሐኪም እነዚህን ሴሎች በማይክሮስኮፕ ያያቸዋል። ሃይ ግሬድ የሚባለው ክፉው ዓይነት መልኩ በጣም ስለሚለወጥ ብዙ ጊዜ ይለያል። ሎው ግሬድ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት ግን ጤነኛውን ሴል ይመስላል፤ በቀላሉ ያመልጣል። ስለዚህ ውጤቱ «አለ» ካለ በቁም ነገር እንይዘዋለን። «የለም» ቢል ግን እፎይ ብለን አንተኛም። እኔን የሚያሳስበኝ «ሽንቴ ንጹህ ነው ተብያለሁ» ብሎ ከቀጠሮው የሚቀረው ሰው ነው።

እንደ ኤንኤምፒ22 እና ዩሮቪዢን ያሉ ሌሎች የሽንት ምርመራዎችም አሉ። የመጀመሪያው ፕሮቲን ይለካል፤ ሁለተኛው የሴሎቹን ክሮሞዞም ያያል። እነሱም ቢሆኑ ካሜራውን አላስቀሩም። ኤንኤምፒ22 ደግሞ ኢንፌክሽን ወይም ጠጠር ሲኖር ያለ ካንሰርም «አለ» ሊል ይችላል።

ሳይቶሎጂ ከታዘዘ ጠዋት እንደተነሱ የሚሸኑትን የመጀመሪያ ሽንት አይስጡ። ሌሊቱን ፊኛ ውስጥ ያደሩ ሴሎች ይበላሻሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይሻላል፤ ሳይቆይ ላብራቶሪ ይድረስ። ቢሲጂ መውሰዳቸውንም ለላብራቶሪው ንገሩ፤ መድኃኒቱ የሚያመጣው ብግነት ሴሎቹን የካንሰር ሊያስመስላቸው ይችላል።

አሁን ወደ ፍርሃታቸው ልምጣ። የሚተጣጠፍ ቀጭን ካሜራ ካለ ጠይቁ፤ ለወንድ በጣም ይቀላል። የማደንዘዣ ጄሉ ከገባ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። ካሜራው ሲያልፍ ትንፋሻቸውን በቀስታ ያውጡ፤ እንደሚሸኑ ሆነው ሰውነታቸውን ያላሉ። አንድ ሁለት ቀን ቢያቃጥላቸው አትደንግጡ፤ ውሃ ይጠጡ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላቸው ግን ወዲያው ተመለሱ።

በየ3 ወሩ መመላለሱ ዕድሜ ልክ አይደለም። ንጹህ ሆኖ ከቀጠለ ብዙውን ጊዜ ከ2 ዓመት በኋላ በየ6 ወሩ፣ ከ5 ዓመት በኋላ በዓመት አንዴ ይሆናል። ይህን ንገሪያቸው። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ። በቀጠሮዎች መካከል ሽንታቸው አንዴ እንኳ ቢቀላ፣ ባያማቸውም፣ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ሐኪማቸው ጋ ሂዱ።