ጤፍና ግሉተን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ጤፍና ከግሉተን ነፃ ስለሆነ ምግብ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ግሉተን ማለት በስንዴና በመሰሎቹ እህሎች ውስጥ ያለ፣ ሊጡን የሚያያይዝ ፕሮቲን ነው። አብዛኛው ጥያቄ የመጣው ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን ሲበላ የሚነሳው የአንጀት ሕመም ካለባቸው ወይም ልጃቸው ከታመመባቸው ሰዎች ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጤፍ ግሉተን የለውም ከተባለ ልጄ እንጀራ ስትበላ ለምን ያማታል? የምንኖረው አሜሪካ ነው።

እህቴ፣ ጤፍስ የለውም። ግሉተን ያለው ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው የፈረንጅ እህል ላይ ነው። ግን የምትገዢው እንጀራ ጤፍ ብቻ ነው ወይ? ውጭ አገር ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይቀላቀልበታል። ጤፍ ውድ ነው፣ ስንዴው ደግሞ ሊጡን ቶሎ ያነሳል። ጠቆር ማለቱም ማረጋገጫ አይሆንም። ሻጯን «የጤፍ ነው?» ብለሽ አትጠይቂያት። «አዎ» ትልሻለች፣ ጤፍ አለበታ! «ሌላስ ምን ገብቶበታል? እርሾውስ የምንድነው?» በያት። የታሸገ ዱቄት ስትገዢ ከግሉተን ነፃ የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። በአሜሪካም በአውሮፓ ኅብረትም ይህን ለመጻፍ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን መኖር የለበትም።

አዲስ አበባ ነኝ። ጤፉን ራሴ ገዝቼ አስፈጫለሁ። ይበቃል?

ጥሩ ጀምረሃል ወንድሜ፣ ግን ወፍጮ ቤቱን አስብበት። ካንተ በፊት ስንዴ ወይም ገብስ የተፈጨ ከሆነ ድንጋዩና መውረጃው ላይ ዱቄት ይቀራል። ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ካለ እዚያ ውሰደው። ከሌለ መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት ለይተህ ለሌላው ቤተሰብ አድርገው። ይህ ግን ንክኪውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ሴሊያክ ላለበት ሰው የቤት ወፍጮ መግዛት ከተቻለ በጣም ይመከራል።

ከማስፈጨትህ በፊት ጤፉን በደቃቅ ወንፊት ንፋው። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ይወርዳል፤ ከአውድማ ወይም ከጆንያ የገባ ስንዴና ገብስ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። አንድ ጊዜ ሞክረው፣ የሚቀረውን በዓይንህ ታየዋለህ።

እርሾ ከጎረቤት ብወስድ ችግር አለው?

አለው። ጎረቤትሽ ገብስ ወይም ስንዴ የምትቀላቅል ከሆነ እርሾዋም አለበት። የራስሽን አስጀምሪ። የጤፍ ዱቄት በውኃ አቡኪና ከድነሽ አስቀምጪው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ በራሱ ይቦካል። የመጀመሪያው ቀስ ይላል፣ ተስፋ አትቁረጪ። ቡሃቃውም ለብቻ ይሁን። ምጣዱ ላይ ዳቦና የስንዴ ቂጣ የሚጋገርበት ከሆነ ለታማሚው ሌላ ምጣድ ብትይዢ ይሻላል፤ ማሰሻውንም እንዳትረሺ።

ስንዴ ካልገባበት ዓይን አያወጣልኝም። ምን ላድርግ?

አብሲቱን በደንብ ሥሪው። ሊጡ ከቦካ በኋላ ከላይ ያቀረረውን ውኃ ድፊ። ከሊጡ አንድ ጭልፋ ያህል ውሰጂና በውኃ አቅጥነሽ እሳት ላይ እያማሰልሽ አብስዪው። ወፈር ብሎ ማብረቅረቅ ሲጀምር አውጪው። ለብ እስኪል አቀዝቅዘሽ ወደ ሊጡ መልሺና ኩፍ እስኪል ጠብቂ። ግሉተን በሌለበት ሊጥ አየሩን የሚይዝልሽ ይህ የበሰለ ሊጥ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትኩሱን ሲመልስ ነው፤ እርሾውን ይገድለዋል። ኩፍ ሳይል ከጋገርሽም ዓይን አትጠብቂ።

ነጭ፣ ሠርገኛ ወይስ ቀይ?

በግሉተን በኩል ልዩነት የላቸውም። ለኬክና ለብስኩት እኔ ቀዩን እመርጣለሁ፣ ጣዕሙ ጠለቅ ይላል።

በጤፍ ኬክ ወይም ዳቦ ይሆናል? የኔ እንደ አሸዋ ይበተናል።

ይሆናል። የሚበተነው የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለ ነው፣ በሌላ ነገር መተካት አለበት። ለኬክ እንቁላልና ሙዝ ይበቃል። 2 ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ 3 የበሰለ ሙዝ፣ 3 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ትንሽ ጨው። ቀላቅለሽ 20 ደቂቃ ያህል አሳርፊው፤ ዱቄቱ ውኃውን ሲጠጣ አፍ ላይ አይሻክርም። በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ45 ደቂቃ ገደማ ጋግሪ። ሳይቀዘቅዝ አትቁረጪው።

ዳቦ ሲሆን ሲሊየም ሃስክ የሚባለውን ገለባ ጨምሪበት፣ ውኃ ሲነካው ይዝለገለጋልና ሊጡን ይይዛል። የስንዴ ዳቦን ልስላሴ ግን አትጠብቂ።

ከአገራችን ምግብ ምን ልተው?

በሶ፣ ጭኮ፣ የገብስና የስንዴ ቆሎ፣ ቂንጬ፣ ዳቦ፣ አምባሻ። ከመጠጥ ጠላና ቢራ፣ ሁለቱም ብቅል አለባቸው። አጃ በማሳም በወፍጮም ከገብስ ጋር ስለሚነካካ ከግሉተን ነፃ ተብሎ ካልታሸገ አይታመንም። የጤፍ፣ የበቆሎና የማሽላ ገንፎ ብሉ። ሽሮውን ከገበያ ከምትገዙ ቤት አዘጋጁት።

ስንዴ ስበላ ሆዴን ይነፋኛል። ትቼ ሙሉ በሙሉ ጤፍ ብጀምርስ?

መጀመሪያ ተመርመሪ እህቴ፣ ይህን አጥብቄ እለምንሻለሁ። የሴሊያክ የደም ምርመራ የሚያየው ሰውነት ለግሉተን የሚሰጠውን ምላሽ ነው። ስንዴውን አስቀድመሽ ካቆምሽ ሕመሙ እያለብሽም ውጤቱ «የለብሽም» ሊል ይችላል። እንደ ወትሮሽ እየበላሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ውጤቱ ሲመጣ ስለ ጤፉ እንነጋገራለን።