ካርዱ አለ፤ ዐይኑስ?

ስለ ግንባታ ሥራ ደኅንነት በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ዳር ናቸው፤ ከአያት፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሰበታ። ግንባታው ወደዚያ ሲሄድ ጥያቄውም ተከትሎ ሄዷል። ረጃጅሞቹን አሳጥሬአለሁ። ስድብ ያለበትን አንዱን ደግሞ ስድቡን አውጥቼ ጥያቄውን አስቀርቻለሁ።

ነጭ ሄልሜት ማድረግ የሚገባው ማን ነው? እኛ ሳይት ላይ ጸሐፊዋም ታደርጋለች። (ከአያት)

ቀለሙ የየሳይቱ ልማድ ነው፤ ዋናው ዕድሜው ስለሆነ እርስዎ ሄልሜቱን ገልብጠው የተመረተበትን ቀን ይመልከቱ።

ስምንት ዓመት የሠራሁ መሐንዲስ ነኝ። በኢንተርኔት የአሜሪካኖቹን የሠላሳ ሰዓት የደኅንነት ሥልጠና ጨርሼ ካርድ ተቀብያለሁ። የጨረታ ሰነዱ «ብቃት ያለው የደኅንነት ባለሙያ» ስለሚል አሠሪዬ የእኔን ስም ሊያስገባ ነው። ብቁ ነኝ ማለት እችላለሁ? (ከቱሉ ዲምቱ)

ካርዱን ያስገቡ፤ ነውር የለውም። ነገር ግን የሥልጠናው ባለቤት የሆነው የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ ራሱ ካርዱ የብቃት ምስክር ወረቀት አይደለም ይላል። ይኸው መሥሪያ ቤት በግንባታ ደንቡ «ብቁ ሰው» የሚለውን ሲተረጉም ካርድም ሰዓትም አያነሳም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ያለውንም ሊመጣ የሚችለውንም አደጋ መለየት መቻል፣ አደጋውንም ወዲያውኑ ለማስወገድ ሥልጣን መያዝ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2015 የግንባታ ደኅንነት ደንባቸውን ሲያድሱ «ብቃት» የሚለውን ጥቅል ቃል ትተው ክህሎት፣ ዕውቀትና ልምድ ብለው ዘርዝረውታል፤ ድርጅት ሲሆን ደግሞ ድርጅታዊ አቅምን ጨምረዋል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብ ያስገድዳል። የሚመደበው ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት ግን አንቀጹ አይዘረዝርም። የካርድ ገበያው የደራው እንግዲህ እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት ከቂሊንጦ ማዶ አንድ ሳይት ላይ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የአምስት ቀን ሥልጠና ወስጄ የምስክር ወረቀቴን በፕላስቲክ አስለብሼዋለሁ። የቧንቧ ቦይ እየተቆፈረ ነው፤ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። አፈሩ የዚያ አካባቢ ሰው የሚያውቀው ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ሲነካው ያብጣል። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ሲያካፋ አድሯል። እኔ ቅጼን ይዤ ሄልሜት አለ፣ ሴፍቲ ጫማ አለ፣ የማስጠንቀቂያ ሪባን አለ እያልኩ ምልክት አደረግሁና ፈረምኩ። አንድ አዛውንት ቆፋሪ ግን አልወርድም አሉ። ከቦዩ አፍ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ቦዩን ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ በአካፋቸው ጫፍ አሳዩኝ። ጣት ያስገባል። «ይህ ትናንት ማታ አልነበረም» አሉ። ፎርማኑ ሥራ ጠል አላቸው፤ እኔም ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ ለምሳ እንደወጣ የቦዩ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተናደ። የተቀበሩት ሦስት አካፋና ሁለት ሄልሜቶች ነበሩ፤ እኔ ምልክት ያደረግሁባቸው ሄልሜቶች።

አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ለዚህ ሄልሜት ምኑ ነው? የወጣውን አፈር ቦዩ አፍ ላይ ከምረነው ስለነበር ክብደቱ ጫፉን እየገፋው ነበር። በኦሻ ደንብ ቁልሉ ከአፉ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የደረሰ ቦይም ጽኑ ዐለት ካልሆነ በቀር ይደገፋል ወይም ግድግዳው ተዳፋት ይደረጋል። ይህን ሁሉ በሥልጠናው ተምሬዋለሁ፤ ፈተናውንም አልፌአለሁ። በዚያን ቀን ግን ዐይኑ የነበረው ከአዛውንቱ ዘንድ ነው፤ ሥራ የማስቆም ሥልጣኑ የነበረው እኔ ዘንድ።

ስለዚህ እርስዎን የምጠይቅዎ ስንት ሰዓት እንደተማሩ አይደለም። ባለፉት ስድስት ወራት ምን ሥራ አስቆሙ? ለምን? ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ? የቀን መዝገብ፣ ፎቶግራፍ፣ የጻፉት ማሳሰቢያና የተሰጠዎት ምላሽ ካለ ከካርዱ ጋር አያይዙት። ቀጥሎ በሙያው የሚበልጥዎ ሰው ሳይቱን አብሮዎት ይዙር፤ ዛሬ ስላለው አደጋ ብቻ ሳይሆን ነገ ሶሌታው፣ ማለትም የወለሉ ኮንክሪት፣ ሲሞላ ስለሚመጣው ይጠይቅዎ። በዚያ ዙር መካከል አንድ ጊዜ እንኳ «ይህን አላውቅም፤ የክሬን ባለሙያ ይጠራ» ካላሉ እኔ በበኩሌ አላምንዎትም። የጨረታ ሰነዱ ቃል በሕግ ምን ትርጉም እንዳለው ጠበቃ ይጠይቁ።

ለገጣፎ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት እያሠራሁ ነው። ኮንትራክተሩ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ብሎ ያስቀመጠው የሚስቱን ወንድም ነው። ልቃወም?

ዝምድና ወንጀል አይደለም። ልጁን መወጣጫው ሥር ይውሰዱትና የትኛውን አጣና እንደሚቀይር ይጠይቁት። ስልኩን አውጥቶ ለእኅቱ ባል ከደወለ መልሱን አግኝተዋል።

ሃያ ሁለት ዓመት ፎርማን ሆኛለሁ፤ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ነው። በሠራሁት መወጣጫ ሰው ወድቆ አያውቅም። አሁን ዲግሪ ያለው ልጅ መጥቶ ያዘኛል። የእኔ ዕውቀት በምን ይመዘናል? (ከሰበታ)

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ሲኦሲ የሚለው የሙያ ብቃት ምዘና የተማሩበትን ቦታ ሳይሆን ሥራውን መቻልዎን ስለሚለካ በልምድ የተማረም ይመዘናል። ክፍያውንና ቀኑን ምዘና ማዕከሉ ይነግርዎታል። አንድ ነገር ግን ልናገር፤ አይቆጡኝ። «በሠራሁት መወጣጫ ሰው ወድቆ አያውቅም» ብለዋል። እሰየው። መወጣጫው ጠንካራ ስለነበረ ነው ወይስ እግዜር ስለጠበቀ? መሬት የገባው የአጣና ጫፍ መበስበሱን በምን እንደሚያውቁ፣ ምስማሩ የሚላቀቀው በየት በኩል እንደሆነ ለልጁ በቃል ማስረዳት ከቻሉ ዕውቀትዎ አያከራክርም። እርስዎ ያሳዩት፣ እሱ ይጻፈው።

የደኅንነት ኃላፊ ነኝ። የአራተኛው ወለል ካሳ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ድጋፉ ደካማ ነው ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ። ሥራ አስኪያጁ «አንቺ ሄልሜት ቁጠሪ» አለኝ። ቅዳሜ ሶሌታው ስለሚሞላ «ተፈትሿል» ብዬ እንድፈርም እየገፋፋኝ ነው። (ከኮዬ ፈጬ)

አትፈርሚ።

እኅቴ፣ የቀረው ዝርዝር ነው። ድጋፉ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው የአንቺም የሥራ አስኪያጁም ሳይሆን የመዋቅር መሐንዲስ ጉዳይ ነው፤ እሱ መጥቶ አይቶ በስሙ ይፈርም። ኮንክሪት አንድ ሜትር ኩቡ 2.4 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ እስኪጠነክር ድረስ ያን ሁሉ የሚሸከመው ከሥሩ ያለው ድጋፍ ነው። የጻፍሽውን ቅጂ ቤትሽ አስቀምጪ። መሐንዲሱ ካልመጣ ዓርብን ሳትጠብቂ ወደ ሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ቢሮ ሂጂ፤ ይህን እንደ ምክር ብቻ አትውሰጂው፣ የግድ ሂጂ። ሥልጣን ነፍጎ ፊርማሽን ብቻ የሚፈልግ ድርጅት የደኅንነት ኃላፊ አልቀጠረም፤ ፈራሚ ነው የቀጠረው።

ድንጋይና ሴራሚክ ቆራጭ ነኝ። ሳል ከያዘኝ አራት ወር ሆነኝ። ጓደኞቼ ወተት ጠጣ ይሉኛል።

ወተቱን ጠጣ፤ ሳንባ ግን አያጥብም። የድንጋይ ብናኝ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባ ላይ የሚተወው ጠባሳ አይድንም፤ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ የምትሠራውን ሥራ እስክትጠየቅ ሳትጠብቅ ተናገር። ውኃ እየረጨ የሚቆርጥ ማሽን እስኪሰጥህም በደረቁ አትቁረጥ። ቀላል ነገር ብትጠይቀኝ ኖሮ ልቀልድ እችል ነበር።

ሰላም ላንተ ይሁን። አንተ ሥር ሦስት ዓመት እንደሠራሁ አድርገህ የልምድ ደብዳቤ ጻፍልኝ፤ ውለታህን አልረሳም። (ስም ያልጻፈ)

ደብዳቤውን አልጽፍም። ሰላምታህን ግን ተቀብያለሁ።